የመርዋ ድመት፣ የኑርጃን ድመቶች

ወግዲ ገበያ በርበሬና ቅመም የገዛ ሰው ኑርጃንን ያውቃታል። ባሏ በለጋ ዕድሜዋ ሞተባት። ልጅ አልነበራትም፤ ሌላ ባልም ሳታይ ብዙ ዓመት ኖረች። ድመት ማሳደግ የጀመረችው ለንግዷ ስትል ነው። አይጥ በርበሬውን ባይደፍረውም ከጎኑ የሚቀመጠውን ሽንብራና ምስር አያስተርፍላትም ነበር። መጀመሪያ መልኳ ሽሮ የመሰለ አንዲት እንስት ድመት አመጣች፤ ስሟንም ሽሮ አለቻት። ሽሮ ስትወልድ ግልገሎቿን ለጎረቤት አደለች፤ አንዱን አመድማ ወንድ ግን መስጠት አልሆነላትም። ዳልቻ አለችው። ዳልቻ አድጎ፣ አንገቱ ወፍሮ፣ ጆሮው በጠብ ተቀዶ እንኳ የሚተኛው እግሯ ሥር ነበር። ጎረቤቶቿ «ዳልቻን ዳሪው እንጂ» እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

መካነ ሰላም ቁርአን የሚያቀሩት ሸህ ሰዲቅ ሽማግሌ ሲልኩባት ሁሉም ነገር ተስማማት። ሸሁ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ልጃቸው ሥራ ይዛ የሄደችባቸው፣ ጭምት ሰው ናቸው ተባለ። ኒካው ሳይታሰር በፊት ራሳቸው መጥተው ሲያነጋግሯት ኑርጃን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ድመቶቼን ትቼ አልመጣም» አለቻቸው።

ሸህ ሰዲቅ ፈገግ አሉ። «ድመት ያለበት ቤት በረካ አለው። እኔም ቤት አንዲት አለች» አሏት።

የማን እንደሆነች አልነገሯትም። እሷም አልጠየቀችም።

ጉዞው መከራ ነበር። ሽሮን በአንድ ቅርጫት፣ ዳልቻን በሌላ ቅርጫት አድርጋ አፋቸውን በሻሽ አሰረችና አውቶቡስ ላይ ተቀመጠች። ሽሮ ትንፍሽ አላለችም። ዳልቻ ግን ከወግዲ ጀምሮ እንደ ሕፃን እያለቀሰ መጣ። አንድ ተሳፋሪ «ይሄን ነገር ከላይ ብትጭኑት ምን አለበት» ብሎ ረዳቱን ሲቆጣ ኑርጃን ቅርጫቱን ጭኗ ላይ አውጥታ አቀፈችው፤ ቀሚሷን እያረጠበውም አላስቀመጠችውም።

የሸህ ሰዲቅ ቤት ከመንገዱ ገባ ያለ፣ ግቢው በባሕር ዛፍ አጥር የተከበበ፣ ባለ ቆርቆሮ ቤት ነው። ፊት ለፊት ያለው ሰፊ ክፍል ጠዋት ጠዋት ደረሳዎች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው የሚቀሩበት ነው። ከኋላው ሳሎንና መኝታ ቤት፣ ከዚያም አንዲት ትንሽ ጓዳ አለች። በሳሎኑና በመኝታ ቤቱ መካከል አረንጓዴ ቅጠልና ቀይ አበባ የተጠለፈበት መጋረጃ ተሰቅሏል። ጥልፉ እንዲህ የዋዛ አይደለም፤ ማሽን ሳይሆን እጅ የሠራው መሆኑን ኑርጃን እንዳየችው አወቀች።

ትንሿ ጓዳ ውስጥ አንድ የእንጨት ሳጥን አለ፤ ሳጥኑ ላይ የታጠፈ መስገጃ፣ መስገጃው ላይ አንዲት ነጭ ድመት ተኝታለች።

«ሐሪር፣ ነይ እስኪ እንግዶችሽን ተቀበዪ» አሉ ሸህ ሰዲቅ።

ኑርጃን ያን ድምፅ እስከዚያ ቀን ከሳቸው አፍ ሰምታው አታውቅም። ለሷ ሲናገሩ ቃላቸው ሁሉ በጨዋ ደንብ የተለካ ነበር። ለድመቷ ግን ሰው ለልጁ እንደሚያወጣው ያለ ለስላሳ ድምፅ አወጡ።

«ማን ነው ያሳደጋት?» አለች።

«ሟቿ ባለቤቴ መርዋ ናት። ጠጉሯ ሐር ይመስላል ብላ ስሙንም ያወጣችላት እሷው ናት። አላህ ይዘንላት።»

«አሚን» አለች ኑርጃን።

ያን ዕለት ማታ ዳልቻን ከቅርጫቱ ስትለቀው አልጋ ሥር ገብቶ ቀረ። ሽሮም ከምድጃው ኋላ ተሸጎጠች። ነጯ ድመት ከሳጥኑ ላይ ሆና ሁለቱንም ቁልቁል አየቻቸው።

ኑርጃን አንድን ሰው ለመብለጥ ስትል ታግላ አታውቅም ነበር። ገበያ ላይ እንኳ ጎኗ የተቀመጠች ነጋዴ ደንበኛ ብትወስድባት «አላህ የሰጣት ሪዝቋ ነው» ብላ ታልፋለች። መካነ ሰላም በገባች በጥቂት ሳምንት ውስጥ ግን በመርዋ መቅናቷ ራሷን አስገረማት። በሕይወት ያለች ሴት ብትሆን መልኳን አይታ፣ ጉድለቷን ፈልጋ፣ አንድ ቀን ተሳስታ ስታገኛት ትረካ ነበር። መርዋ ግን ሞታለች። የሞተ ሰው አያረጅም፤ ወጥ አያሳርርም፤ ባልን አይቆጣም።

ቅጥር ለቅጥር የምትዋሰናቸው ጎረቤት ቦጋለች ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ክፍል የምታከራይ፣ ወሬዋ የማያልቅ ደግ ሴት ናት። ኑርጃንን ልትጠይቅ የመጣች ዕለት ገና ከመቀመጧ ስለ መርዋ ጀመረች።

«መርዋ እኮ ክፋት የሚባል አልፈጠረባትም። ለፋሲካ ዶሮዬን ባትበላልኝም ቅቤውን ራሷ አንጥራ ነበር የምታመጣልኝ። ወላሂ እንደሷ ቅቤ የሚያነጥር አላየሁም።»

«እኔም ቅቤ ማንጠር አውቃለሁ» አለች ኑርጃን።

«ኧረ አንቺማ የቅመሙ ባለቤት፤ እሱን ማን ይክዳል?» አለች ቦጋለች ሳይገባት፤ ቀጠለችም። መርዋ ለደረሳዎቹ ቁርስ ትሠራ እንደነበር፣ ታማ ሳለ እንኳ መጋረጃውን ተኝታ እየጠለፈች እንደጨረሰችው ነገረቻት።

ሸህ ሰዲቅስ ቢሆኑ። አንድ ቀን ምሳ ቀርቦላቸው፣ ጎርሰው፣ አጣጥመው፣ «ማሻአላህ፣ ይጣፍጣል። መርዋ ኮረሪማ ጨመር ታደርግበት ነበር» አሉ። ክፋት አስበው አይደለም። ኑርጃን ግን አገር በቅመም የሚያውቃት ሴት ናት። ያን ምሳ አብራ መብላት አቃታት። «ሆዴን ቆረጠኝ» ብላ ወደ ጓሮ ወጣች።

ዳልቻ ከአልጋ ሥር የወጣ ሰሞን መጀመሪያ ያደረገው ነገር የበሩን መቃን ማሽተት ነው። ሐሪር ስታልፍ ጉንጯን የምትታከክበትን ቦታ ሁሉ ተከትሎ አሸተተ። ከዚያ ዞሮ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ጅራቱን እንደ ዘንግ አቁሞ እያንቀጠቀጠ ረጨበት። ሽታው ቤቱን ሞላው። ወግዲ ሳሉ እንዲህ አድርጎ አያውቅም፤ ያደርግም ከሆነ ውጭ ነበር። አሁን መቃኑን፣ የቁም ሳጥኑን ጥግ፣ በመጨረሻም ባለ ጥልፉን መጋረጃ ያዘው። ሽሮም በበኩሏ ሐሪርን እየፈራች ወደ ደጅ መውጣት ትታ ምድጃ ሥር ትሸና ጀመር።

ኑርጃን በበረኪና ፈተገች። በፈተገችው ቦታ ላይ ዳልቻ ተመልሶ ረጨ። በጫማ መታችው፤ ሮጦ ሄዶ ሌላ ቦታ ረጨ።

«ቤት ለውጦ ነው፤ ይለምዳል፤ አብሽሪ» አሉ ሸህ ሰዲቅ። መጋረጃውን ራሳቸው አውርደው አሳጠቡት። ቀዩ ክር ለቅቆ አረንጓዴው ላይ ፈሰሰ። ኑርጃን «እንግዲህ ይጣላል» ብላ አዲስ መጋረጃ ከገበያ ገዛች። ሸሁ ግን የተበላሸውን ሲደርቅ መልሰው ሰቀሉት። አዲሱ ታጥፎ ቀረ።

ነገሩ የከፋው ዳልቻ ደረሳዎቹ የሚቀሩበትን ክፍል ሲደርስበት ነው። ድመት ራሷ ንጹሕ ናት፤ ሽንቷ ግን ነጃሳ ነው፤ ነጃሳ በነካው ምንጣፍ ላይ ቁርአን አይቀራም፤ አይሰገድም። ደረሳዎቹ ምንጣፉን ተሸክመው ወንዝ ወረዱ፤ ትምህርቱም ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ሆነ። የአንዷ ልጅ እናት ስትመጣ አፍንጫዋን በሻሿ ይዛ «ምነው፣ እሜቴ መርዋ እያለች ይሄ ቤት ሽቶ ሽቶ ይል ነበር» አለች። ኑርጃን ምድጃው ዘንድ ሆና ሰማቻት።

ያን ሐሙስ፣ የገበያ ቀን፣ ሸህ ሰዲቅ ወጥተዋል። የትንሿ ጓዳ በር እንደ ወትሮው ተዘግቷል። ሐሪር ደጅ ፀሐይ ትሞቃለች። ዳልቻ ጓዳው በር ላይ ተቀምጦ ይጮሃል። ኑርጃን ወጥ እያማሰለች ቆይታ ተነሳች፤ በሩን ከፈተችለት፤ ተመልሳም ወጥዋን ማማሰል ቀጠለች። ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች። ሳጥኑ ላይ ያለው መስገጃ የመርዋ መሆኑንም ታውቃለች። ሽታው ሲመጣ ልቧ በደስታ አንዴ ዘለለ፤ ወዲያው ደግሞ ከበዳት። ተነስታ ዳልቻን አስወጥታ በሩን ዘጋችው።

ሸህ ሰዲቅ ሲመለሱ ሽታው ወደ ጓዳው መራቸው። ኑርጃን ቁጣ ጠበቀች። አልተቆጡም። መስገጃውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡ፤ ውሃ ቀድተው፣ ቁጢጥ ብለው፣ እያፈሰሱ ማጠብ ጀመሩ።

«አምጡት፣ እኔ ልጠበው» አለች።

«ተዪው።»

«እንዴት እርስዎ ያጥባሉ፣ እኔ ቁሜ?»

«ተዪው አልኩሽ፣ ኑርጃን» አሉ፤ ቀና ብለው አላዩዋትም። ሽንት እስኪለቀው ሳይሆን እጃቸው እስኪቀላ አጠቡት። ኑርጃን በሕይወቷ አንድም ሰው የሷን ዕቃ እንዲያ አድርጎ ሲይዝ አላየችም። ብሞት የኔን ዕቃ እንዲህ የሚይዝልኝ ማን ነው ብላ አሰበች፤ ይሄ ሐሳብ ከስድብ ይልቅ አቃጠላት።

በማግስቱ ሸህ ሰዲቅ ወደ ልጃቸው ደወሉ።

አሚራ አጅባር ከተማ የምትሠራ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት። የመጣችው የሥራ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ ነው። አባቷን አቅፋ ሳመች፤ ኑርጃንን ግን ከርቀት «አሰላሙ ዐለይኩም፣ እንዴት ነዎት?» አለቻት። ሠርጉ ላይ አልተገኘችም ነበር፤ የክትባት ዘመቻ ላይ ነኝ ብላ። አሁን ቤቱን ስትዞር የመጋረጃውን ጥልፍ በጣቷ ዳሰሰች፤ የፈሰሰውን ቀለም አየች።

ጓዳዋን አይታ ስትወጣ ኑርጃንን ምድጃው ዘንድ ብቻዋን አገኘቻት።

«የጓዳው በር ዘወትር ዝግ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«እጀታው ተጠምዝዞ ነው የሚከፈተው። ድመት አይከፍተውም።»

ኑርጃን ወደ ድስቱ ዞረች። ጭልፋውን ያዘች።

«እትዬ፣ እኔ ልከስዎ አልመጣሁም» አለች አሚራ። «ያ መስገጃ የእናቴ ነው። ስትሞት ላዩ ላይ ነበረች።»

«አላወቅኩም» አለች ኑርጃን። ይህንስ እውነቷን ነው። የማን እንደሆነ እንጂ ይህን አላወቀችም። ከዚያ ወዲያ መሸሸግ አልቻለችም። «በሩን እኔ ነኝ የከፈትኩት። አባትሽ ይወቁ አይወቁ አላውቅም።»

አሚራ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«ባለፈው ስደውል አባዬ ሳቀ» አለች አሚራ። «ከእናቴ ሞት ወዲህ ስልክ ላይ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። 'ምን ሆነህ ነው?' ስለው 'ኑርጃን እዚህ አንድ ነገር ተናግራ ነው' አለኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። በደስታ እንዳይመስልዎ። እኔ ስንት ዓመት ላስቀው ሞክሬ አቅቶኝ፣ እርስዎ ገና ከመምጣትዎ አሳቁት ብዬ ነው። ከዚያ ወዲህ ስምዎን ሲያነሳብኝ እናደዳለሁ።»

ኑርጃን ልጅቷን ያን ጊዜ ነው በደንብ ያየቻት። አገጯ የሸሁ ነው። የቀረው የሌላ ሰው ነው፤ የማን እንደሆነ ለመገመት ሰው መጠየቅ አላስፈለጋትም።

«እንግዲህ ሁለታችንም ነን» አለች።

አሚራ በአፍንጫዋ ተነፈሰች፤ ሳቅ ይሁን አይሁን አይለይም። ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ዳልቻን ይዛ መረመረችው፤ ሽንቱ ደም እንዳለው፣ ሲሸና እንደሚያቃስት ጠየቀች፤ አለመሆኑን ስታረጋግጥ «በሽታ የለበትም» አለች።

«ታዲያ ምን ነክቶት ነው? ክፉ አልነበረም እኮ።»

«ክፉ ሆኖ አይደለም። ወግዲ ሳለ ጥጉ ሁሉ የሱን ሽታ ይሸት ነበር። እዚህ መጥቶ ሲያሸት በየጥጉ ሌላ ድመት አለች። ስለዚህ የኔ የሚለው ቦታ የለውም፤ በሽንቱ ይጽፍበታል። ሲመቱት ደግሞ ይብስ ይፈራል፤ ሲፈራ ይብስ ይረጫል። ሦስቱንም በአንድ ቀን በአንድ ቤት መልቀቅ አልነበረባችሁም።»

«ማን ነግሮን?»

«እሱስ እውነት ነው» አለች አሚራ።

መጀመሪያ ያደረገችው ዳልቻንና ሽሮን ከሐሪር መለየት ነው። የኑርጃንን መኝታ ቤት ለሁለቱ ሰጠች፤ ሐሪር በጓዳዋ ቀረች። ኑርጃን ከወግዲ ያመጣችውን፣ በርበሬ ስትሸጥ ከሥሯ ታነጥፈው የነበረ አሮጌ ጆንያ ልታጥብ ስትል አሚራ ከለከለቻት። «አይታጠብ። የድሮ ቤቱን የሚሸት ይሄ ብቻ ነው የቀረው» አለች፤ ጥግ ላይ አነጠፈችለት። ዳልቻ መጥቶ አሸተተው፤ ዞረ፤ ዞረ፤ ተኛበት። ከመጣ ጀምሮ ፊት ለፊት ሜዳ ላይ ሲተኛ ኑርጃን ያየችው ያን ጊዜ ነው።

ለያንዳንዱ ድመት አሸዋ የሞላ ሳፋ ተዘጋጀ፤ ለእህል ውሃቸው ቅርብ እንዳይሆን ተደረገ። በረኪናው ተጣለ። «የበረኪና ሽታ ለሱ ሽንት ነው የሚመስለው፤ ሌላ ድመት የሸናበት መስሎት ነው የሚደግምበት» አለች አሚራ። የተረጨው ቦታ ሁሉ በሳሙና ታጥቦ አቼቶ በቀላቀለ ውሃ ተወለወለ።

ከዚያ የመጨረሻው ነገር መጣ።

«ካልተኮላሸ ግን አይተውም» አለች አሚራ። «ማደንዘዣ ይዣለሁ። አይሰማውም።»

ሸህ ሰዲቅ ተጠሩ። በሩ ላይ ቆመው ጢማቸውን እየዳበሱ አሰቡ። «ያለ ጥቅም ከሆነ አይወደድም። ጉዳት የሚያስወግድ ከሆነ ግን የፈቀዱ ዑለማዎች አሉ። ባለቤቱ ትወስን» ብለው ሄዱ።

ኑርጃን ዳልቻን አቅፋ ተቀመጠች። «ከዚህ በኋላ መውለድ አይችልም ማለት ነው?»

«አይችልም።»

«እኔም አልወለድኩም» አለች። ልጅቷን ሳይሆን የድመቱን ጆሮ እያየች ነው የተናገረችው። «እኔ የምቀናበት ነገር ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? እናትሽ ባሏን ብቻ አይደለም የተወችው። አንቺንም ትታለች። እኔ ብሞት ይችን ቤት የሚዞር፣ መጋረጃ የሚዳስስ ሰው የለኝም።»

አሚራ መርፌውን ማዘጋጀት ተወች። በመጨረሻ «እስከ እሑድ ድረስ ላቆየው እችላለሁ። ያስቡበት» አለች።

«ምን አስባለሁ። ለኔ ብሎ ከቤቱ ተነቅሎ መጣ፤ ሰላም ይግባው። አድርጊው» አለች ኑርጃን። ማደንዘዣው እስኪይዘው ጭንቅላቱን ይዛ ቆየች፤ ሲጀመር ግን ማየት አልቻለችም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አሚራ እሑድ ስትሄድ የቀረውን ለኑርጃን አስረክባ ነው። የቀረው ደግሞ ለኑርጃን ከሁሉም የከበደ ሆነ። በየቀኑ በንጹሕ ጨርቅ የሐሪርን ጉንጭ አሽታ ጨርቁን ከዳልቻና ከሽሮ ምግብ አጠገብ ማስቀመጥ፤ የነሱንም እንዲሁ አሽታ ለሐሪር ማድረግ ነበረባት። ኑርጃን እስከዚያ ቀን የመርዋን ድመት በእጇ ነክታት አታውቅም።

መጀመሪያ ጊዜ ጓዳው ገብታ ስትቀመጥ ሐሪር ሳጥኑ ላይ ሆና አየቻት። ኑርጃን ጨርቁን ዘረጋች። ድመቷ አሸተተችው፤ ከዚያ እጇን አሸተተች፤ ራሷን ጎንበስ አድርጋ ጉንጯን ሰጠቻት። ጠጉሯ እውነትም ሐር ነበር። ኑርጃን በዚህ ተናደደች። የሚጠላ ነገር ፈልጋ ነበር፤ አጣችባት።

በመኝታ ቤቱ በር ውስጥና ውጭ ምግብ ማስቀመጥ ጀመረች። በሩ ተዘግቶ ወዲህ ሁለቱ፣ ወዲያ ሐሪር ይበላሉ። መጀመሪያ ዳልቻ ያጉረመርም ነበር። ኑርጃን ሳህኑን አራቀችለት፤ ዝም ሲል አቀረበችው። ቀስ በቀስ በሩ በጣት ስፋት ተከፈተ፤ በሚቀጥለው ሳምንት በእጅ ስፋት። አንድ ቀን ቸኩላ ወለል አድርጋ ከፈተችው፤ ዳልቻና ሐሪር ተያይዘው ሳሎኑን አናወጡት፤ ሥራው ሁሉ ከሥር ተጀመረ። ሸህ ሰዲቅ ይህን ሁሉ ከሩቅ ያያሉ። አንዳንዴ ጓዳው በር ላይ መጥተው ይቆማሉ፤ እሷ ከሐሪር ጋር ስታወራ ሰምተው ሳይገቡ ይመለሳሉ።

አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ገቡ። ኑርጃን ሳጥኑ ሥር ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ሐሪር ጭኗ ላይ ናት።

«ሐሪር፣ ነይ» አሉ ሸሁ፣ በዚያች በለስላሳዋ ድምፅ።

ሐሪር ጆሮዋን ብቻ አዞረች።

«ሐሪር» አሉ ደግመው። ድመቷ ዓይኗን ጨፈነች።

ሸህ ሰዲቅ ትንሽ ቆሙ። «እንግዲህ ድመቷንም ወሰድሽብኝ» አሉ። ቀልድ ነው፤ ግን አፋቸው እንጂ ዓይናቸው አልሳቀም። ኑርጃን ያን መልክ አወቀችው፤ ለወራት በመስታወት ስታየው የኖረችው ነው። ሸሁ ቀንተዋል። ደስ አላት፤ በመደሰቷ ደግሞ አፈረች።

«ቁጭ በሉ» አለቻቸው። ተቀመጡ። ምስሩን ወደሳቸው ገፋችው፤ አብረው ለቀሙ።

«በሩን አንቺ እንደከፈትሽው ያን ዕለት አውቄያለሁ» አሉ ሸሁ፣ ከምስሩ ዓይናቸውን ሳያነሱ።

«አሚራ ነገረችዎት?»

«የዘጋሁትን በር እኔ አውቀዋለሁ።»

«ለምን አልተቆጡኝም ታዲያ?»

«ብቆጣሽ የማን ዘበኛ ልሆን ነው? እሷ ሄዳለች። አንቺ ግን እዚህ ነሽ።» አንድ ጠጠር ለቅመው ጣሉ። «እኔም ጥፋት አለብኝ። አንቺን ያመጣሁበት ቤት ቦታ የሌለበት ቤት ነው። የኮረሪማውንም ነገር አስቤበታለሁ።»

ኑርጃን ይህን ሁሉ ጊዜ ስትጠብቀው የኖረችው ቃል ይህ ነበር። «መስገጃው ይደር እዚያው» ብቻ አለች።

በማግስቱ መጋረጃው ከሳሎኑ ወርዶ ጓዳዋ በር ላይ ተሰቀለ። ሳሎኑ ላይ ኑርጃን የገዛችው ዋለ። ማን እንደሰቀለው አልተወራም።

ዳልቻ በአንድ ጀምበር አልተለወጠም። ከተኮላሸ በኋላም ለጥቂት ሳምንት ረጨ፤ ከዚያ እየቀነሰ ሄደ፤ ሽታውም እንደ ድሮው አልከበደም። ፈጽሞ የተወ መስሎ ሳለ የቦጋለች ድመት ሳሎኑ መስኮት ላይ መጥቶ እየተቀመጠ እንደገና አስጀመረው። ኑርጃን የመስኮቱን የታችኛውን ክፍል በካርቶን ሸፈነችው፤ ቦጋለችንም «ድመትሽን እሰሪልኝ» አለቻት፤ ቦጋለች «ድመት ይታሰራል እንዴ» ብላ ለአንድ ሳምንት አኮረፈቻት። ሽሮ ግን አሸዋዋን ከለመደች ወዲህ ሌላ ቦታ አልነካችም። ምንጣፉ ወደ ክፍሉ ተመለሰ፤ ደረሳዎቹም ተከትለውት ገቡ።

አሚራ ለዒድ ስትመጣ የኑርጃንን ጉንጭ ሳመች። እናቷ በቀሚሶቿ መካከል ታስቀምጥ የነበረውን ዓይነት ሽቱ ገዝታ ለኑርጃን አመጣችላት። ኑርጃን አመሰገነቻት፤ ግን አልተቀባችውም፤ አሚራም አየች። አንዳንድ ቀን በስልክ ለረጅም ጊዜ ያወራሉ፤ አብዛኛው ስለ ድመት ነው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ አሚራ አባቷን ጠይቃ ስልኩን ዘግታ ትሄዳለች፤ ያን ቀን ኑርጃን ይከፋታል።

በዚህ ዓመት፣ በልግ ከገባ በኋላ፣ ሸህ ሰዲቅ ውዱእ ሊያደርጉ ግቢ ወጥተው እጅጌያቸውን ሰብስበው ሳለ ወደ ቤት ዞረው «መርዋ፣ ጆጉን አቀብዪኝ» አሉ።

ኑርጃን ሰማች። ጆጉን አነሳች። «አቤት» ብላ ወጣች።

ሸህ ሰዲቅ የዚያን ጊዜ ነው የሰሙት፤ የተናገሩትን። እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። «ኑርጃን ማለቴ ነው» አሉ።

«አውቃለሁ» አለች፤ ውሃውን አፈሰሰችላቸው፤ እስኪጨርሱም ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ጆጉን አስቀምጣ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ አጥሩን ዞራ ቦጋለች ዘንድ ሄደች።

ቦጋለች ልብስ ስታሰጣ አገኘቻት። ፊቷን አይታ ምን እንደሆነች ጠየቀቻት።

«በስሟ ጠሩኝ» አለች ኑርጃን።

«ውይ። አንቺስ ምን አልሽ?»

«አቤት አልኩ።»

ቦጋለች የያዘችውን አንሶላ ገመዱ ላይ ጣለችው። «ጎበዝ። ደግ አደረግሽ።»

«ደግመው ቢጠሩኝ ግን አቤት የምል አይመስለኝም።»

ቦጋለች ሳቀች። ኑርጃን አልሳቀችም፤ የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ይዛ ወጠረችላት።